ዕዳ የሌለበት ሰው

«ለሻምበል ባሻ ጣሰው ከዛሬ ጀምሮ በእጅ በእጅ ነው። ዱቤ የለም። ሰማሽ ሸምሳ?»

ሻምበል ባሻ ጣሰው ይህን የሰማው የአብዱላሂን ሱቅ ደፍ ሊሻገር አንድ እግሩን እንዳነሣ ነበር። የተነሣችው እግር መመለሻ አጥታ ጥቂት አየር ላይ ቆየች። አብዱላሂ ከባንኮኒው ጀርባ ጎንበስ ብሎ ጨው ይመዝናል፤ ልጁ ሸምሳ ሳሙና ትደረድራለች፤ ሁለቱም አላዩትም። ጣሰው ሳቅ ሳቅ አለው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነዋ! እሱ እኮ ያን ዕለት ጧት ከቤቱ የወጣው፣ በነገሌ ከተማ ዱቤ የሚገባው አንድ ሰው ቢኖር እሱ ብቻ መሆኑን አምኖ ነው። ትናንት ከቀትር በኋላ በመያዣ ያስያዘውን ቤት በገዛ እጁ ለአበዳሪው አስረክቧል። ፍርድ ቤት አልጎተተውም፤ ሐራጅ አልተጠራበትም፤ ሽማግሌ አልተላከበትም። ካርታውን ከነቁልፉ ማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ ፊት ጠረጴዛ ላይ አኖረና፣ «ዘጠኝ መቶ ብር ነበረብኝ፤ ቤቱን ውሰዱ፤ ከእንግዲህ የማንም ዕዳ የለብኝም» አለ። ይህንኑ የሚል ወረቀት አጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ፣ በደረት ኪሱ ይዟል። ዕዳ የሌለበት ሰው ካልታመነ ታዲያ ማን ሊታመን ነው?

ጉሮሮውን ጠራርጎ ገባ።

«አካም ቡልታኒ፣ ሻምበል ባሻ» አለ አብዱላሂ፣ ፊቱ ቅንጣት ሳይለወጥ። ዓመት ሙሉ ተለያይተው የከረሙ ይመስል ስለ ጤናው፣ ስለ ወይዘሮ እሙሽ፣ ስለ ዝናቡ መጥፋት በተራ በተራ ጠየቀው። ጣሰውም በተራ በተራ መለሰና ግማሽ ኪሎ ስኳርና አንድ ጠርሙስ ላምባ አዘዘ። «እንደ ወትሮው ጻፈው። ጡረታ ስቀበል ነው።»

አብዱላሂ የጨዉን ማንኪያ እንደያዘ ቀጥ አለ። «ቤቱን ለወይዘሮ ቀድሪያ አስረከቡ አሉ።»

«አስረከብኩ! ያውም ሳልጠየቅ!» ጣሰው ወረቀቱን አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ዘረጋለት። አብዱላሂ እጁን በሽርጡ ጠርጎ፣ በጣቱ እየተከተለ፣ ከላይ እስከ ማኅተሙ አነበበው።

«ዕዳ የለብዎትም ይላል።»

«አዎን!»

«ቤትም የለዎትም ይላል።»

ጣሰው መልስ ሲፈልግ ተክሉ ገባ። ተክሉ የእሙሽ ታናሽ ወንድም ነው፤ በማንኛውም ሰዓት ቢያዩት ወደ ሠርግ የሚሄድ የሚመስል፣ ግራጫ ኮት የማይለየው ሰው። «ጋሼ፣ እንዴት አደሩ?» ብሎ ለጣሰው እጅ ነሣ፤ ቀጥሎም ሁለት ኪሎ ስኳርና አንድ እሽግ ሻማ ወሰደ፤ ለባለ ሱቁ «ጻፈው» እንኳ አላለውም፤ በአገጩ ወደ መዝገቡ ጠቆም አድርጎት ወጣ። አብዱላሂም በደስታ ጻፈ። ጣሰው የሚጽፈውን እጅ አፍጥጦ ተመለከተ። ባለፈው ዓመት በቤቱ መያዣነት ከተበደረው ዘጠኝ መቶ ብር ስድስት መቶውን የወሰደው ይኸው ተክሉ ነው። ከአሬሮ በሬ ገዝቶ ሊነግድበት ነበር። ከበሬዎቹ እኩሌታው መንገድ ላይ ታመው አለቁ፤ እኩሌታው ወዴት እንደ ገባ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።

«ለእሱ ዱቤ አለ ማለት ነው?»

አብዱላሂ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ አክብሮቱ ግን አልጎደለም። «ሻምበል ባሻ፣ ተክሉ ላይ ሁለት መቶ አሥራ አራት ብር አለኝ፤ ከዛሬው ጋር ሁለት መቶ አሥራ ሰባት። ብከለክለው ይቀየምና ሌላ ሱቅ ይለምዳል፤ ብሬም አብሮት ይሄዳል። አላህ ዕድሜውን እንዲያረዝምልኝ ጧት ማታ ዱዓ የማደርገው እኔ ነኝ። አንቱ ግን ምንም የለብዎትም። ቤትም የለዎትም። ነገ ተነሥተው አገርዎ መንዝ ቢገቡ ምን ይዤ እከተልዎታለሁ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት ነገሌ የኖርሁ ሰው፣ ለግማሽ ኪሎ ስኳር ብዬ መንዝ ልገባልህ?»

«ትናንት እኮ ቤት ነበረዎት» አለ አብዱላሂ በሐዘን፤ ሐዘኑም የእውነት ነበር።

በኪሱ አንድ ብር ከሠላሳ አምስት ሳንቲም አለ። ስኳሩንም ላምባውንም ገዝቶ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። ነገር ግን እዚያው ቆሞ ሳንቲም መቁጠር «አዎን፣ አልታመንም» ብሎ መፈረም ሆኖ ታየው። ወረቀቱን አጥፎ፣ ባዶ እጁን ወደ ቤት ተመለሰ። ቤት ካሉት።

ቤቱ ከገበያው ወደ ጦር ሠፈሩ በሚወስደው መንገድ ዳር ነው፤ አራት ክፍል፣ አርባ ሁለት ቆርቆሮ የለበሰ፣ ግድግዳው በየዓመቱ ለፋሲካ ኖራ የሚቀባ። ቀዩ አፈር ከታች እስከ ጉልበት ድረስ ስለሚያለብሰው ግን ከሩቅ ሲያዩት ካልሲ ያጠለቀ ይመስላል። ግቢው ውስጥ የአልጋው ብረት፣ የጣሰው የወታደር ሣጥን፣ ሁለት ወንበር፣ አንድ የተሰነጠቀ እንስራና የፍራሽ ጥቅል ፀሐይ ላይ ተሰልፈዋል። ሦስት ጎረቤቶች ሊረዱ መጥተው ነበር፤ እርዳታቸውም ዕቃውን እያነሡ መልሶ ማስቀመጥና «ይኼ ወንበር ስንት ያወጣ ይሆን?» እያሉ እርስ በርስ መጠያየቅ ነው። እሙሽ ከወገቧ ታጥቃ ሣጥኑን በገመድ ትጠፍራለች። ትናንት ባሏ ከቀድሪያ ጋር ሲነጋገር ማዘጋጃ ቤቱ በረንዳ ላይ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ቀድሪያ ጨውና ጨርቅ የምትነግድ የከተማው ትልቅ ባለ ሱቅ ናት፤ ቁልፉን ስታይ ደንግጣ፣ «ኧረ ሻምበል ባሻ፣ እኔ ወለድ አልበላ! አንድ ዓመት ቢጨምሩ ምን ይጎዳኛል? ቀስ እያሉ ይክፈሉኝ» ብላው ነበር። ጣሰው ግን፣ ጊዜ የሚለምን ሰው ስሙን ይጥላል፤ ቤቱን የጣለ ግን ስሙን ያነሣል የሚል ሐሳብ ከያዘው ሰንብቷል። ሴትዮዋ «እንግዲያው ቤት እስኪያገኙ ይቀመጡ» ብትለውም፣ «በነገው ዕለት ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ግቢው ባዶ ሆኖ ይጠብቅዎታል» ሲል ልክ እንደ ጥበቃ ተረኛ ቁጭ ብድግ ብሎ መለሰላት።

«ስኳሩስ?» አለች እሙሽ፣ ቀና ሳትል።

«አልቆባቸዋል።»

«አብዱላሂ ስኳር አለቀበት?»

«አለቀበት አልኩሽ።»

እሙሽ ገመዱን በጥርሷ ይዛ ሳበችው። ሁለቱ ከስምንት ወር ወዲህ የማያነሡት አንድ ስም አለ፤ እሱ ወንድሟ ነው ብሎ ዝም ይላል፤ እሷ ወንድሜ ነው ብላ ዝም ትላለች። ምሳ ሰዓት ላይ የሚወርደው ዝምታ ብዙ ጊዜ የተክሉ ነው። አሁንም ወረደ። ጎረቤቶቹ እንኳ የያዙትን ወንበር አስቀመጡ።

ዝምታውን የሰበረው ጂሎ ነው። ጂሎ የእህል መጋዘኑ ዘበኛ ነው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ አንዲት ፍሬ በቆሎ ያልጎደለበት፣ ረጅምና ዝግተኛ ሰው። ዘበኛ ሆኖ ሲቀጠር ዋስ የሆነው ጣሰው ነበር። ጣሰው የጂሎ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ሹፌር፣ የሁለት ተላላኪዎችና የአንድ ፖስታ አዳይም ዋስ ነው። በከተማው፣ «ዋስ ካጣህ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሂድ» ይባል ነበር። ጣሰው ይህን ሲሰማ የሚመሰገነው እሱ ይመስለው ነበር።

«ናጋ ኦልታኒ፣ ሻምበል ባሻ። ናጋ?»

«ናጋ ነው ጂሎ። ጠመንጃህን የት ጣልከው?»

«ተቀበሉኝ።» ጂሎ ሣጥኑ ላይ ሊቀመጥ አለና፣ የታሰረ መሆኑን ሲያይ ተወው። «ጧት አለቃ ጠራኝ። ‹ጂሎ፣ ዋስህ ሞተ› አለኝ። ‹ዎዪ! ትናንትና በእግሩ ሲሄድ አየሁት› አልኩት። ‹የለም፣ ሰውየው አይደለም፤ ቤቱ ነው የሞተው› አለኝ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ያለው ዋስ ካላመጣሁ ሥራ የለም። ሻምበል ባሻ፣ እኔ ቤት አልሸጥኩ፣ ሰው አልበደልኩ፤ እኔን ነው የሚያባርሩ። ማል ጎና? ምን እናድርግ?»

ጣሰው ደሙ ፈላ። እሙሽ የጠፈረችውን ገመድ ፈትቶ፣ ኒሻን የተሰካበትን ካፖርቱን ከሣጥኑ አውጥቶ ለበሰ፤ በዚያ የቆላ ፀሐይ ካፖርት። ጂሎን አስከትሎ ወደ መጋዘኑ ጽሕፈት ቤት ገሠገሠ። ጸሐፊው፣ ገና ጢሙ በወጉ ያልበቀለ ጎልማሳ፣ ብድግ ብሎ ተቀበለው፤ ወንበር ሰጠው፤ ላቡን የሚጠርግበት ወረቀት እንኳ አቀበለው። ጣሰው ተናገረ። ዋስትና የሰው ነው ወይስ የጭቃና የቆርቆሮ? ስድስት ዓመት ጂሎ ቢሰርቅ የሚከፍለው ማን ነበር? ቤቱ ተነሥቶ ይከፍል ነበር? ጸሐፊው በትዕግሥት አዳመጠ። የሻምበል ባሻን ክብር የሚጠራጠር ማንም የለም አለ፤ ነገር ግን ቅጹ ላይ «ክብር» የሚል ቦታ የለም፤ «የቤት ቁጥር» የሚል ነው ያለው። ለማስረዳትም ቅጹን አውጥቶ አሳየው፤ እውነትም የለም። ጣሰው የመጨረሻ ጥይቱን ተኮሰ፤ ማኅተም ያለበትን ወረቀት። ጸሐፊው አነበበው፣ ፊቱም በራ።

«እጅግ ጥሩ! እኛ እስካሁን ወሬ ብቻ ነበር የሰማን። ይኸው ማረጋገጫው።» ግልባጩን ለመዝገብ ቤት ይሆነኛል ብሎ ቁጭ ብሎ ገለበጠው፤ ሲጨርስም አመሰገነው።

ደጅ ሲወጡ ጂሎ አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻል ነበር። «ግድ የለም፣ ሻምበል ባሻ። ዋቃ አለ» ብሎ፣ የጎደለውን ጠመንጃ የሚፈልግ ይመስል ትከሻውን እየደባበሰ ወደ መናኸሪያው ሄደ። ጣሰው ካፖርቱን አውልቆ በክንዱ ያዘ። አንድ ሰው ቤቱን ሲለቅ ምን ያህል ሰው አብሮት ሜዳ እንደሚወድቅ አስቦት አያውቅም ነበር። ለአምስት ሰው ያበደረው ስም ነበረው፤ ያ ስም ግን አርባ ሁለት ቆርቆሮ ኖሯል።

ቀኑ ሲጋደል ቤት ፍለጋ ዞረ። ማሚቱ የምትባል፣ ባሏ በዚያው ጦር ሠፈር ሲያገለግል የሞተባት ሴት፣ ከቄራው አጠገብ አንዲት ክፍል ነበረቻት። ክፍሊቱ መስኮት የላትም፤ ያላት ሽታ ግን ለሦስት ክፍል ይበቃል። ኪራዩ ስምንት ብር ነው። ጣሰው አልተከራከረም፤ የጡረታው ሠላሳ ስምንት ብር ይችለዋል። «ነገ ዛሬ ሳልል በወሩ መጀመሪያ እከፍልሻለሁ» አላት።

«ይጠፋኛል ብለው ነው? ባለቤቴ ነፍሱን ይማረውና ስለ አንቱ ሲያወራ አይጠግብም ነበር» አለች ማሚቱ። «ብቻ አንድ ቤት ያለው ዋስ ይዘውልኝ ይምጡ።»

«ማሚቱ! እኔ እኮ ነኝ የዚህ ከተማ ዋስ!»

«ነበሩ» አለች፤ ቀጥላም ራሷ አፈረችና «ምን ላድርግ፣ ጊዜው ነው» ብላ መሬት መሬት አየች።

ሌላ ሁለት ቤት ሞከረ። አንዱ ባለቤት ዋስ ጠየቀው፤ ሌላው ዋስም ሳይጠይቀው ክፍሊቱ ተይዛለች አለው፤ ክፍሊቱ ግን በሯ ወለል ብሎ ተከፍቶ ዶሮ ይገባባታል ይወጣባታል። ጣሰው የመጨረሻውን ግቢ ሲለቅ ወረቀቱን ከኪሱ ማውጣት ካቆመ ሁለት ሰዓት ሆኖት ነበር። ከጠዋት ጀምሮ ያሳየው ሰው ሁሉ አንድ ነገር ነው ያነበበበት። በመንገዱ ላይ ሰላም የሚሉት ሰዎች ድሮም እንዲህ አጠር አድርገው ነበር ሰላም የሚሉት ወይስ ዛሬ ነው የጀመሩት? ሊያስታውስ ሞከረ፤ አልቻለም፤ ድሮ ሰላምታ ለክቶ አያውቅማ።

አሥራ አንድ ሰዓት አልፎ ግቢው ሲደርስ ጎረቤቶቹ ሄደዋል። ቀድሪያ የወታደር ሣጥኑ ላይ ተቀምጣ ከእሙሽ ጋር ታወራለች። ሲያያት ቀጥ ብሎ ቆመ። «አንድ ሰዓት ይቀረኛል፣ ወይዘሮ ቀድሪያ። ግቢውን እንደ ቃሌ…»

«ይቀመጡ እባክዎ» አለች ቀድሪያ ድካም በተጫነው ድምፅ። «ባዶ ቤት ምስጥ ይበላዋል። እኔ ቤት ምን ያደርግልኛል? ቤት አለኝ። ገንዘቤን ነበር የምፈልገው፤ አንቱ ግን ቆርቆሮ አሸከሙኝ።» ከዚያም ነገሩን ተናገረች። ትልቁን ቤት ከሐረር የተዛወረ አንድ መቶ አለቃ በሠላሳ ብር ሊከራየው ተስማምቷል። ከጓሮ ያለችው ማድ ቤት ግን ለብቻዋ ትቀራለች፤ ለባልና ሚስት ትበቃለች፤ እሙሽም አይታታለች፤ ሰባት ብር። ጣሰው ማድ ቤቷን በጎን አየ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ጭቃዋን ያቦካው እሱ ነው። በሯ ዝቅ ያለ ስለ ሆነ፣ በገባ ቁጥር ግንባሩ ሲመታው «ለሴት የተሠራ በር ነው» ይል ነበር።

«እሺ» አለ።

«አንዲት ነገር ብቻ» አለች ቀድሪያ፣ ዓይኗን ከእሙሽ ላይ ሳታነሣ። «ለእኔ ብሎ አይደለም፤ አማቼ ነው፤ ወረቀት ካልተጻፈ፣ ዋስ ካልተጠራ አይሆንም ይላል።»

ጣሰው ሊናገር አፉን ሲከፍት የግቢው በር ተንኳኳና ተክሉ ገባ። ኮቱ እንደ ጧቱ ንጹሕ ነው። ውሉ የተጻፈበትን ወረቀት በእጁ ይዟል። ጣሰው ወደ ሚስቱ ዞረ።

«አንቺ ነሽ የጠራሽው?»

«ቤት ያለው ዘመድ ሌላ ማን አለን?» አለች እሙሽ።

ተክሉ ቤት አለው። ሦስት ክፍሉን በሁለት አበዳሪ ስም አስይዞታል፤ አንዱም በጊዜው አልተከፈለውም፤ ሁለቱም ግን ቤቱ ከእጁ እንዳይወጣ እንደ ዓይናቸው ብሌን ይጠብቁለታል። የቤቱ ቁጥር እስከ ዛሬ በስሙ ነው። በዚያ ላይ ተክሉ ዛሬ ሥራ በዝቶበት ውሏል። «ጂሎንም እኔ ነኝ ያዳንኩት» አለ፣ ወንበር ስቦ እየተቀመጠ። «ምስኪን ሰው፣ ሊያባርሩት ነበር። ፈረምኩለት። የሻይ ብሎ አምስት ብር ሰጠኝ እንጂ እኔ እንኳ አልጠየቅሁትም። ፖስታ አዳዩም ነገ ጧት ይመጣል።» ወረቀቱን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ተከራዩ ሻምበል ባሻ ጣሰው ይባላል። ኪራዩን በየወሩ መጀመሪያ ይከፍላል። ሳይከፍል ቢጠፋ ወይም ቢሰወር ዋሱ አቶ ተክሉ በራሱ ቤት ይጠየቃል። «ቢጠፋ ወይም ቢሰወር» የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበበው፤ ሁለተኛውን ጊዜ ለብቻው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ። ከዚያ ብዕሩን ይዞ ሰፊና ባለ ጭራ ፊርማ አኖረ፤ አፍታ ቆይቶም ቀለሙን በእፍታ አደረቀው።

ወረቀቱን ለጣሰው ሊያቀብል ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው።

«ጋሼ፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልናገር። እኔ በዚህ ከተማ በስሜ ነው የምኖር። ዘመድ ዘመድ ነው፤ ገንዘብ ግን ዘመድ የለውም። ሰው መጀመሪያ አቅሙን ማወቅ አለበት። የሆነው ሆነ፤ ያለፈው አለፈ። ብቻ አደራዎን፣ እንዳያሳፍሩኝ።»

ግቢው ጸጥ አለ። ቀድሪያ ሻሿን ሳብ አድርጋ ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። መጀመሪያ ሳል የመሰለው ነገር ከእሙሽ ነበር፤ ሳል አልነበረም። ሳቀች። ከስምንት ወር ወዲህ የታፈነ ሳቅ፣ ወገቧን አስይዞ፣ ዓይኗን በእንባ ሞልቶ፣ የአልጋውን ብረት አስደግፎ አሳቃት። «እንዳያሳፍሩኝ!» ትላለች፤ ደግማ ትስቃለች። ተክሉ ፊቱ ቀላ፤ ወደ ጣሰው አየ፤ የሚቆጣ መስሎት ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸት አደረገ።

ጣሰው አልተቆጣም። ቀኑን ሙሉ የተቆጣውን ተቆጥቶ ጨርሷል። ወረቀቱን ከተክሉ እጅ በሁለት እጁ ተቀበለ፤ «ተከራይ» በሚለው ሥር ስሙን ከነማዕረጉ ጻፈ፤ ፈረመ። ይህን ልጅ ሲያውቀው አሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ሱሪው የተቀደደ ጎረምሳ ሳለ ቤቱ ያበላው፣ «አንተ» እያለ ያሳደገው ነው።

«እሺ፣ አቶ ተክሉ» አለ፣ ወረቀቱን እየመለሰ። «አላሳፍርዎትም።»

የእሙሽ ሳቅ ተቆረጠ። ባሏን አየችው። የቀልድ ምልክት ከፊቱ ላይ ፈለገች፤ አላገኘችም። ተክሉም ለአፍታ ፈለገ፤ እሱም ሲያጣው ትከሻው ረገብ አለ፤ ኮቱን ቆልፎ ተነሣ።

«ይሁን እንግዲህ» አለው ለጣሰው። «በርታ።»